ጀነሬተሩ የሚያድርበት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ለሁላችንም ቦታ አለ። ልጆቹን ወደ እቅፋችሁ ሳቡ፣ አቦሉን ጠጡና ቶናው እስኪደርስ ድረስ፣ መብራት በፈረቃ በነበረበት ሰሞን በሐይቅ ዳር፣ በአንድ ግቢ የሆነውን ላውጋችሁ። ወሬው ረዘም ይላል፤ ሌሊቱም ረጅም ነውና ማንም አያስቸኩለንም።

ዘመኑ 2011 ዓ.ም. ነው፣ ወሩ ግንቦት። ትዝ ይላችኋል፤ በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የተመረቀው፣ 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል የተባለለት የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃው ጎደለና አገሩ ሁሉ መብራትን ተራ በተራ እንዲቃመስ ተወሰነ። አንዱ ሰፈር ሲበራ ሌላው ይጨልማል፣ የጨለመው ሲበራ የበራው ይጨልማል፣ እናቶችም ሊጣቸውን አቡክተው ፈረቃቸው እስኪደርስ ምጣዱ አጠገብ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እኛ የሐዋሳ ሰዎች ደግሞ ደጃችን ላይ ያን የሚያህል ሐይቅ ተንጣሎ እያየን፣ ውኃ ስላነሰ መብራት የለም የሚለውን ነገር ለልጆቻችን ማስረዳት ይቸግረን ነበር።

በዚያ ሰሞን አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላት፣ እኔም እትዬ ልበላት። ባሏ ካረፈ በኋላ ዓሣ እየጠበሰች ነው ልጆቿን የምታሳድገው፤ ጎህ ሲቀድ ወደ አሞራ ገደል ትወርዳለች፣ ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ቆሮሶውን መርጣ፣ በአምባዛው ዋጋ ተከራክራ፣ በቅርጫት ይዛ ትመጣለች፣ ከዚያም ያልተሸጠውን በፍሪጅ ታሳድረዋለች። የቤቱ ምሰሶ ያ ፍሪጅ ነበር። መብራት በሄደ ቀን ዓሣው ከሰዓት በኋላ ይላላል፣ ማታ ይሸታል፣ ጠዋት ይጣላል። ሁለት ቀን በተከታታይ ሙሉ ቅርጫት ዓሣ ለአባ ኮዳዎቹ ስትበትን አየኋት፤ እነዚያ ትላልቅ አሞራዎች ዙሪያዋን ከበው ቆመው፣ እርሷ አንድ በአንድ ስትወረውርላቸው፣ በመጨረሻ ባዶውን ቅርጫት ደፋችና እላዩ ላይ ተቀመጠች። ጀነሬተር ለመግዛት የቆረጠችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያም እቁቧን ተቀበለች፣ የጎደለውን ከእህቷ ተበደረች፣ ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥራ የወንድሟን ልጅ ወደ መርካቶ ላከችው። ልጁ በሌሊት ተሳፍሮ ሄደ፣ አንድ ቀን አድሮ ዕቃውን ገዛ፣ በማግስቱም ጀነሬተሩን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አሳስሮ 275 ኪሎ ሜትሩን ተመለሰ። በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ ሲያልፍ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር እየወረደ ገመዱ እንዳልላላ ያያል፣ አርሲ ነገሌ ላይ ዝናብ ያዛቸውና የራሱን ጃኬት አውልቆ አለበሰው፣ ሻሸመኔን አልፎ ጥቁር ውሃ ሲደርስ ደወለ። ግቢው ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ጠበቀው። ጀነሬተሩ ቀይ ነበር፣ እጀታ ያለው፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ የሚያነሣው።

የመጀመሪያው ማታ ጀነሬተሩን ከጓሮ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር አስቀመጡት። ልጁ ቾኩን ሳበ፣ ገመዱን አንዴ ጎተተ፣ ሁለቴ ጎተተ፣ በሦስተኛው ዳድ ዳድ ብሎ ተነሣ፣ አምፖሉ በራ፣ ልጆቹም «መብራት መጣ!» ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ። እትዬ ፍሪጁ ላይ መዳፏን አሳርፋ ንዝረቱን ስታዳምጥ አየኋት፣ የታመመ ልጅ ትኩሳት የምትለካ ነው የምትመስለው። እናም ለአምስት ስድስት ቀን ነገሩ ሁሉ መልካም ሆነ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። እትዬ ግድየለሽ ሴት አልነበረችም፣ ልጁም አዋቂ ነው፣ የማሽን ነገር ያውቃል። ጀነሬተሩን ወደ ቤት ያስገባው ሁለት ነገር ነው፤ ዝናብና ሌባ። አንድ ሌሊት ከጎረቤት ግቢ የውኃ ፓምፕ ተሰረቀ። በማግስቱ ደግሞ ከሐይቁ ማዶ ዳመናው ጠቆረ፣ ነፋሱ የዋርካዎቹን ቅርንጫፎች ይገርፍ ጀመር፣ የግንቦት ዝናብም ወረደ። በብድር የተገዛ ዕቃ ለዝናብና ለሌባ ማን ይተዋል? ሁለቱ ተሸክመው አስገቡትና ከማድ ቤቱ ወደ መኝታ ቤት በሚያሳልፈው ኮሪደር አኖሩት፤ አየር እንዲያገኝ ብለውም የጓሮውን በር ገርበብ አደረጉለት። በየአገሩ ሰዎች ጀነሬተርን ከቤት የሚያስገቡት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሌባውን እናውቀዋለን፣ ዝናቡን እናየዋለን፣ ሌላው ግን አይታይም።

ከዚያም ሕመሙ መጣ። መጀመሪያ የስድስት ዓመቱ ትንሹ ልጅ ራሴን አመመኝ አለ። እትዬ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችው፣ ግንባሩንም ቀባችው። በማግስቱ ማታ ራሷን እትዬን አጥወለወላት፣ ትልቋም ልጅ ጉልበቴ ከዳኝ አለች፣ ድመቷ እንኳ ከምድጃው ሥር ተጋድማ አልነሣም አለች። ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ እርሷም ወደ አሞራ ገደል ስትወርድ ሁሉም ይሻላቸዋል፤ ማታ ቤት ሲሰበሰቡ ይመለስባቸዋል። ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ሰዓት ሲታመም፣ ደጅ ሲወጣ ሲሻለው፣ ቤት ሲገባ ሲብስበት፣ ትኩሳትም ሳይኖረው ሲቀር፣ ያ ጉንፋን አይደለም፣ ምችም አይደለም። ይህን ያን ጊዜ ማናችንም አላሰብነውም።

በሦስተኛው ማታ እኔም ለቡና ሄድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር፤ ወጨፎው እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋን፣ ነፋሱም የጓሮውን በር መልሶ ገጠመው። ጀነሬተሩ ከኮሪደሩ ይጮሃል፣ እኛም በላዩ እየጮህን እናወራለን። ጥቂት እንደቆየሁ ግንባሬን በመቀነት ጠፍረው ያሰሩኝ መሰለኝ፤ ከዝናቡ ነው አልኩና ዝም አልኩ። እትዬ ለትንሹ ልጅ ዓሣውን ከእሾኹ ለይታ አጎረሰችው። ልጁ ጉርሻውን በአፉ ያዘ፣ አላኘከውም። ሁለተኛውን በእጁ ተቀበለ፣ ጣቶቹ ቀስ ብለው ተከፈቱ፣ ጉርሻው ጭኑ ላይ ወደቀ፣ ጭንቅላቱም ወደ መሶቡ ዘመም አለ። እንቅልፍ ነው አልን። ሳቅንም። የምነግራችሁ እያፈርኩ ነው፤ ሳቅን።

ከጥግ የተቀመጡት የእትዬ እናት ግን አልሳቁም። እማማ ነው የምንላቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሮአቸውም እንደዚያው። አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ «ከሰል ያያያዘ ማን ነው?» አሉ።

«ማንም የለም እማዬ፣ ቡናው በቡታጋዝ ነው የፈላው» አለች እትዬ።

«ይሁን። ግን ይኼ የከሰል ሕመም ነው። እኔ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ በብርድ ወራት፣ በር ዘግተን ምድጃ ታቅፈን ተኝተን፣ ታናሽ እህቴን የወሰደብኝ ይኼ ነው። ልጁን አውጡት! ሁላችሁም ውጡ!»

ከዚያም ተነሣን። ስነሣ ጉልበቴ የእኔ አልነበረም። የወንድሟ ልጅ ትንሹን ተሸክሞ፣ እትዬ ሴት ልጇን ጎትታ፣ እኔ እማማን ደግፌ፣ ይልቁንም እርሳቸው እኔን ደግፈው፣ ወደ ዝናቡ ወጣን። ጭቃው ላይ ተቀመጥን። የወንድሟ ልጅ ማሽኑን ላጥፋ ብሎ ሊመለስ ሲል እማማ እጅጌውን ጨብጠው አልለቅም አሉ፤ «ይቃጠል። ቤቱም ይቃጠል። አንተ አትገባም» አሉት። በሩን ከውጭ በርግደን ተውነው፤ ጀነሬተሩም ቤንዚኑን ጨርሶ በራሱ ጊዜ ጸጥ አለ።

ባጃጅ አስቆምን፣ ልጁን ወደ ሕክምና ወሰድነው፣ ኦክስጅን ተደረገለት፣ ዳነ። ሁላችንም ዳንን፤ አምላክ ይመስገን፣ እማማም ይመስገኑ። ያን ሌሊት ተረኛ የነበረች ነርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በእርጋታ ያስረዳችን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከሰሉም ቤንዚኑም አየር አንሶት ሲቃጠል የሚወልደው አንድ ነው፣ ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል አለችን። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ አያስነጥስ፣ አያስለቅስ። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድሞ ይይዝበታል፣ ከኦክስጅኑም ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ስለዚህ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ንጹሕ አየር ላይ ቢወጡ እንኳ ደም ውስጥ የገባው ግማሹ ለመውጣት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፣ በኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል፤ ሐኪም ቤት የምንሮጠውም ለዚህ ነው። በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱም አይቀሰቅሰውም።

እኛ ከሰል እንደሚገድል ከእናቶቻችን ጡት ጋር ጠብተን አድገናል። ከሰል መታው እንላለን፣ በር ከፍተን እናያይዛለን፣ ፍሙ ሳይቀላ ወደ ቤት አናስገባም። የማሽኑን ሆድ ግን አላየነውም። አንድ ተንቀሳቃሽ ጀነሬተር የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ከሚተፉት ጋር እንደሚስተካከል የአሜሪካ የሸቀጦች ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች ይናገራሉ፤ በዚያው አገር በዓመት 100 ያህል ሰው በዚሁ እንደሚሞትም ይገልጻሉ። ለእኛ ሌላም አለ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አገሮች አየር ይሳሳል፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተቃኘ ካርቡሬተርም እዚህ ሲመጣ ለቤንዚኑ የሚበቃ አየር አያገኝምና መርዙን ይጨምራል። መስኮት መክፈት፣ በር ገርበብ ማድረግ፣ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ፣ ይህ ሁሉ አይበቃውም። ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ማርሚታው ከማንኛውም በርና መስኮት ይዙር ነው የሚባለው። የማንም በርና መስኮት፤ በእኛ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ አራት አምስት ተከራይ ተደጋግፎ ነው የሚኖረው፣ የእኔ ማርሚታ የሚተፋው በተከራዬ ትራስ በኩል ይገባል።

አሁን ደግሞ ወሬዬን ይዤ ባሕር ልሻገር። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በ2013 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ ቴክሳስ የሚባለውን ሙቅ አገር በረዶ መታው። መብራት ጠፋ፣ ቤቶች ቀዘቀዙ። በሂውስተን ከተማ የሚኖር አንድ የአገራችን ሰው ቤተሰብ ብርዱ ሲጠናበት፣ ለመሞቅና ስልክ ቻርጅ ለማድረግ፣ ከቤቱ ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ መኪናቸውን አስነሡ። የጋራዡ በር ዝግ ነበር። እናቲቱ ሌላ ክፍለ ግዛት ካሉ ወዳጆቿ ጋር በስልክ ስታወራ ድምፅዋ ደከመ፣ ከዚያም ጠፋ። ወዳጆቹ አድራሻውን በትክክል አያውቁትም፣ ላገኙት ሁሉ ደወሉ፣ በፌስቡክ ዘመድ አፈላለጉ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው በር አንኳኩ፣ የሚከፍት አጡና ተመለሱ፤ ዘግይተው ዳግም መጥተው ሲገቡ እናትና ሴት ልጇ አርፈዋል፣ አባትና ወንድ ልጁ በሕይወት ተገኙ። በዚያ ሰሞን በቴክሳስ በዚሁ መርዝ ቢያንስ 11 ሰው ሞቷል፣ ከ1,400 በላይ ሰው ለሕክምና ሮጧል፤ በየቤቱ ጠቋሚ መሣሪያ እንዲሰቀል የሚያስገድድ አጠቃላይ ሕግም ክፍለ ግዛቱ አልነበረውም። እትዬ ይህን ወሬ ስትሰማ ሽሮዋን እያማሰለች ነበር፤ ማማሰያውን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ያን ቀንም ዓሣ አልሸጠችም።

እናም ወደ ግቢያችን ልመለስ። ከዚያ ሌሊት በኋላ እትዬ ጀነሬተሩን ልሽጥ አለች፣ ከለከልናት፤ የእርሷን ዓሣ የምናሳድርበት ሌላ መላ የለንም። ይልቅ ሌባውንና ዝናቡን የምንከለክልበትን መላ እንፈልግ ተባባልን። ሰንሰለትና ቁልፍ ገዛን፣ አቮካዶው ግንድ ላይ አሰርነው። አራት እንጨት ተከልንና ከላይ አንድ ቆርቆሮ አለበስነው፣ ጎኖቹን ግን አልጋረድንም፤ እንደ ገበያ ዳስ ሁሉም ወገኑ ነፋስ ያስገባል። ከታች ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ደለደልን። ዋጋው እትዬ በሁለት ጠዋት ከበተነችው ዓሣ አይበልጥም። መብራቱን በረዥም ገመድ ወደ ቤት ሳብነው፤ ገመዱም ለደጅ የሚሆን ወፍራም ነው፣ የተላጠ የለውም፣ በምንጣፍ ሥርም አያልፍም።

የወንድሟ ልጅ በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ ሠርቶ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ሊያገናኘው አስቦ ነበር፤ ቤቱ ሁሉ በአንዴ ይበራልና ብዙዎች ያደርጉታል። የጠራነው ኤሌክትሪሺያን ገመዱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፣ ምንም ሳይናገር በፒንሳ ከመሃል ቆረጠው። ከዚያ ወደ መንገዱ አወጣንና ትራንስፎርመሩን አሳየን። «ያ የሚሠራው በሁለቱም አቅጣጫ ነው» አለን። «ከላይ 15,000 ቮልት ተቀብሎ አሳንሶ ለእናንተ ይልካል። እናንተ ከታች 220 ብትሰዱለት ደግሞ አሳድጎ ወደ ሽቦው ይመልሰዋል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ፖል ላይ የወጣውን ሰው የምትገድሉት ከሳሎናችሁ ቁጭ ብላችሁ ነው።» ራሱ ስንት ጊዜ እንደወጣ አልነገረን፤ እጁን ግን አየሁት፣ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው የቃጠሎ ጠባሳ ነበረው። ቆጣሪው አጠገብ ቼንጅ ኦቨር ገጠመልን፤ ወይ መብራት ኃይል፣ ወይ ጀነሬተር፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገናኙም። ምጣዱን ሰካ ላድርግ ስትለውም እትዬን ከለከላት፤ እንጀራ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይበላል፣ ይቺ ማሽን ፍሪጅና አምፖል ነው የምትችለው።

የቤንዚኑንማ ነገር ማን ያጣዋል፤ ግን እንደ ቡና ቁርስ በአጭሩ ልበለው። ማሽኑ ጠፍቶ ሳይበርድ አይሞላም። ዝናብ ጠብ ሲልበት ቺስ የሚል ማርሚታ ቤንዚን ጠብ ቢልበት ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። በሻማና በኩራዝ አጠገብም አይቀዳም፤ ጄሪካኑ ከማድ ቤት ውጭ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አየን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋቱን ይዞ ተመረቀ፣ እትዬም እልል አለች፣ ሰፈሩም አብሯት። ቢሆንም ግድቡ ሞልቶ እያለ እዚህ ሐይቅ ዳር አንድ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ይወድቃል፣ አንድ ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ እኛም 905 ደውለን እስኪጠገን እንጠብቃለን። ያን ጊዜ ጀነሬተሩ ይነሣል። ከውጭ የመጣች የእትዬ የእህት ልጅ በሻንጣዋ በባትሪ የሚሠራ ጠቋሚ መሣሪያ አምጥታላታለች፤ መኝታ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሏል፣ የሳሙና መያዣ ያህላል፣ አየሩ ከተበከለ ይጮሃል። ዘመድ ከውጭ ምን ላምጣ ብሎ ሲደውልላችሁ ይህን በሉት።

እማማ ባለፈው ዓመት በሰላም አረፉ። ትንሹ ልጅ ደግሞ ቁመቱ እኔን ደርሷል። መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩን የሚያስነሣው እርሱ ነው፤ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ተነሥቶ፣ ጨለማ ውስጥ እርምጃውን እየቆጠረ ይሄዳል፣ ድምፁም እስከ እኔ ቤት ይሰማል። አቮካዶው ጋ ሲደርስ ዘጠኝ ይላል።